የአርብሮዝ ዓሣና የመንዝ ባና

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ስለ ስኮትላንድ የባሕር ዳር ከተሞች ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ አርብሮዝ በአንድ መስመር ታልፋለች፤ በጭስ በበሰለ ዓሣዋ የታወቀች፣ ባሕር ያበለጸጋት ወደብ ተብላ። ሁለቱም አባባል እርማት ይፈልጋል። ዓሣው ትውልዱ ከአርብሮዝ አይደለም። ባሕሩም ለአርብሮዝ ወደብ አልሰጣትም፤ ወደቧን ያገኘችው በውል፣ በመዋጮና በድንጋይ ነው። ነገሩ ሩቅ አገር ያለ ይምሰል እንጂ፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመኑት ባናና በርኖስ የሚሠሩባትን ሰሜን ሸዋን በቀጥታ ይነካል። ስለዚህ ሰፋ አድርገን ጽፈናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርብሮዝ በስኮትላንድ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከደንዲ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰሜን ባሕር ላይ ትገኛለች። ስሟ «አበርብሮዞክ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ የብሮዞክ ወንዝ አፍ ማለት ነው፣ ወንዙ ባሕር የሚገባበት። ያደገችው በገዳም ጥላ ሥር ነው፤ ገዳም ከተማን እንዴት እንደሚወልድ ለሸዋ ሰው ማስረዳት አያሻም። ገዳሙን በ1178 የመሠረተው ንጉሥ ዊልያም ነው፤ ስኮቶች «አንበሳው» ይሉታል። መታሰቢያ ያደረገውም በ1170 ካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ ለተገደለው ሊቀ ጳጳስ ለቶማስ ቤኬት ነው። ንጉሡ በ1214 ሲሞት እዚያው ተቀበረ። የስኮትላንድ መኳንንት የአገራቸውን ነጻነት አስረድተው ለሮማው ጳጳስ ለዮሐንስ 22ኛ የላኩት የላቲን ደብዳቤም ኤፕሪል 6 ቀን 1320 በዚህ ገዳም እንደተጻፈ ይገልጻል። ዛሬ ገዳሙ ፍርስራሽ ነው። ከቀይ የአሸዋ ድንጋይ የተሠራው ግድግዳ ግን ከነትልቁ ክብ መስኮቱ ቆሟል። በአካባቢው እንደሚነገረው ሌሊት በዚያ መስኮት መብራት ይበራ ነበር፤ ዓሣ አጥማጁም እሱን እያየ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ወደቡ። ያ ጠረፍ ለምሥራቅ ነፋስ የተጋለጠ ነው፤ ጀልባ የሚሸሸግበት የተፈጥሮ እጥፋት የለውም። በ1394 አበምኔቱ ጆን ጌዲ ከከተማው ነዋሪዎች ጋር ተዋዋለ፤ ገዳሙ ወደብ ያሠራል፣ ነዋሪው ቦታውን ከአሸዋና ከድንጋይ ያጸዳል፣ ከእንጨት የተሠሩትን ትልልቅ ሣጥኖች ቦታ ቦታቸው አኑሮ በድንጋይ ይሞላል፣ በያዘው መሬት ልክም በየዓመቱ ይከፍላል። ጉልበቱ የማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ዶማና ብረት የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ሳይቀር ተጽፎ ተቀምጧል። የኛ ቀበሌ ለአንድ መንገድ መዋጮ ሲሰበስብ ይህን ያህል ግልጽ ወረቀት ቢጽፍ ስንት ጭቅጭቅ በተረፈ ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ ግን አንዴ ተሠርቶ አያበቃም። እንጨት ይበሰብሳል፣ ሣጥኑ ሲከፈት ማዕበሉ ድንጋዩን አንድ በአንድ መዝዞ ይወስዳል፣ ወንዙና ሞገዱም አሸዋ እያመጡ የወደቡን አፍ ይደፍናሉ። አርብሮዝ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት ወደቧን ደጋግማ በድንጋይ ያሠራችው ለዚህ ነው። ዛሬ የውስጠኛው ወደብ በር አለው፤ ባሕሩ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሲጎድል በሩ ይዘጋና ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ እንዳይቀመጡ ውኃውን አግዶ ያቆያል። የውጭኛው ክፍል በየጉድለቱ ይደርቃል።

ከተማዋ የሠራ እጅ እንዳላት በጉልህ የሚታየው ግን ከጠረፉ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር መካከል በቆመው የቤል ሮክ መብራት ላይ ነው። ቤል ሮክ አለት ነው። ባሕሩ ሲጎድል ጀርባው ብቅ ይላል፤ ሲሞላ ፈጽሞ ይሰወራል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። በ1804 «ዮርክ» የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከነሰዎቹ በሰሜን ባሕር ሲጠፋ ብዙ ሰው ጥፋቱን የጣለው በዚህ አለት ላይ ነበር። በ1807 መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ አለቱ ላይ መቆም የሚቻለው በአንድ ጉድለት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ሠራተኛው ከጀልባ ወርዶ መሠረት ይቆፍራል፤ ውኃው ጉልበቱ ሲደርስ መሣሪያውን ሰብስቦ ይወጣል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከሠራተኞቹ መርከቦች አንዷ ገመዷ ተፈትቶ ተወሰደች። አለቱ ላይ 32 ሰው ነበር፤ የቀሩት ሁለት ጀልባዎች ሁሉንም አይጭኑም፤ ባሕሩ ደግሞ እየሞላ ነው። ያተረፋቸው በዚያች ሰዓት ከአርብሮዝ ደብዳቤ ይዞ የደረሰ ጀልባ ነው። ከዚያ በኋላ አለቱ ላይ በእንጨት ቋሚዎች የተደገፈ ማደሪያ ተሠራ፤ ሥራውም ፈጠነ።

ግንቡን ሁለት መቶ ዓመት ያቆመው የድንጋዩ አጠራረብ ነው። ድንጋዮቹ የተጠረቡት አርብሮዝ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ድርብ (የድንጋይ ረድፍ) መጀመሪያ መሬት ላይ ተገጣጥሞ ይታያል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ከዚያ ፈርሶ በመርከብ ይጫናል። የድንጋዩ ጎን እንደ እርግብ ጭራ ሰፍቶ ይወጣል፤ የጎረቤቱ ጎን ያንኑ ቅርጽ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱን ድንጋይ ማዕበል ሊነቅለው ቢሞክር ጎረቤቶቹን ሁሉ መንቀል አለበት። ድርብን ከድርብ የሚያስተሳስረው ደግሞ የኦክ እንጨት ችካል ነው፤ ስሚንቶ እስኪደርቅ ድንጋዩን ባለበት ይይዛል። የታችኛው 9 ሜትር ያህል ውስጡ ባዶ የሌለው ድፍን ነው፤ ሞገዱ የሚመታው እዚያ ስለሆነ ክብደት ያስፈልጋል። ግንቡ 35 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1811 በራ። በባሕር ከሚታጠቡ የመብራት ግንቦች መካከል እስካሁን የቆመው የዓለማችን ቀዳሚ እሱ ነው። በ1813 አርብሮዝ ውስጥ የምልክት ቤት ተሠራ፤ ግንቡ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ደኅና መሆናቸውን ኳስ ከፍ በማድረግ ያሳውቃሉ፣ ከከተማውም በዚያው መንገድ መልስ ይሰጣቸዋል። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ወደ ዓሣው እንምጣ፤ ክርክራችን ያለው እዚህ ነው። ዓሣው ሃዶክ ይባላል፤ በጭስ የበሰለው «የአርብሮዝ ስሞኪ» ነው። አሠራሩ የመጣው ግን ከአርብሮዝ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ገደል አናት ላይ ከተቀመጠች ኦክሚዚ ከምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። መንደሯ ወደብ አልነበራትም። ሴቶቹ ባሎቻቸው እግራቸው ሳይርስ ጀልባ እንዲሳፈሩ በጀርባቸው አዝለው ውኃ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ዓሣ ማጽዳቱና ማጨሱም የእነሱ ሥራ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አርብሮዝ ወደቧ ዓሣ አጥማጅ ፈለገና የኦክሚዚ ሰዎች መጥተው እንዲሰፍሩ መሬት ሰጠቻቸው። እነሱም ከባሕሩ አጠገብ «የከተማው እግር» በሚባለው ሠፈር ሰፈሩ፤ ሙያውም አብሯቸው መጣ። ከዚያ ወዲህ ዓሣው በከተማዋ ስም ይጠራል። እንግዲህ «የአርብሮዝ» ሲባል፣ የመንዝ ባና ከተማ ወርዶ የደብረ ብርሃን ወይም የአዲስ አበባ ዕቃ ተብሎ እንደሚሸጠው ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዓሣው ራስ ተቆርጦ ሆድ ዕቃው ይወጣል፤ አጥንቱ ግን አይነካም። ከዚያ ደረቅ ጨው ይነሰነስበታል። ጨው ሁለት ሥራ አለው፤ ያጣፍጣል፣ ውኃውንም ስቦ ሥጋውን ያጠነክራል። ጨው ያነሰው ዓሣ ሙቀት ሲነካው ይላላና ጭራው ተበጥሶ እሳት ውስጥ ይወድቃል፤ የበዛበት ደግሞ ይደርቃል። ጨው የጠጣው ዓሣ ሁለት ሁለት እየተደረገ ጭራ ለጭራ በጆንያ ክር ይታሰርና በእንጨት ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። ጥንዶቹ በመጠን መቀራረብ አለባቸው። አለዚያ ትልቁ ትንሹን ስቦ ያንሸራትተዋል፤ አብረውም አይበስሉም፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ጥሬ ነው።

ማጨሻው መሬት ውስጥ የተቀበረ በርሜል ነው። እሳቱ የሚነደው ከበርሜሉ ሥር ሲሆን እንጨቱ ጠንካራው የኦክ ወይም የቢች ግንድ ነው። ጥድ አይሆንም፤ ሙጫው ዓሣውን ያመርረዋል። ይህን ለመረዳት ጠላ የምትጠምቅ እናት ትበቃለች፤ ጋኗን በወይራ እንጂ በባሕር ዛፍ አታጥንም። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ በእንጨት የተንጠለጠለው ዓሣ በርሜሉ አፍ ላይ ይደረደርና በራሰ ጆንያ ይሸፈናል። ሙያው ያለው ጆንያው ላይ ነው። ራሰ ጆንያ አየር ስለሚቀንስ እሳቱ እንዳይነበለበል ያፍነዋል፤ እንፋሎቱም ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ዓሣውን ሳያደርቅ ያበስለዋል። ጆንያው ከደረቀ አየር ይገባል፣ ነበልባል ይነሣል፣ ቆዳው ያራል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ነፋስ በሚበዛበት ቀን ጆንያ ይደረባል፤ ጸጥ ባለ ቀን ይቀነሳል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳው እንደ መዳብ ይቀላና ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ደርሷል። ስሞኪ በስሎ የሚወጣ ምግብ ነው፤ በቀዝቃዛ ጭስ ብቻ ታጥኖ በኋላ ከሚቀቀለው ሌላው የስኮቶች ሃዶክ የሚለየውም በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ዝርዝር በ2004 ሕግ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት «የአርብሮዝ ስሞኪ» የሚለውን ስም በመልክዓ ምድራዊ መለያነት መዘገበው። ስሙን መጠቀም የሚችለው ከአርብሮዝ በ8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ፣ በተጻፈው አሠራር የሚያጨስ ብቻ ነው። ኦክሚዚም በክልሉ ውስጥ ገባች። ግሩም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ዓሣው ከየት ይጠመድ የሚል ግዴታ የለም። የአርብሮዝ የዓሣ ጀልባዎች ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ እየተመናመኑ ሄደው ዛሬ ወደቡ በአብዛኛው የሸርጣንና የመዝናኛ ጀልባ ነው። ሃዶኩ እንደ ፒተርሄድ ካሉ ሌሎች ወደቦች ተገዝቶ ይመጣል። ዓሣው ከከተማው ቢርቅም ሙያው ስለተጻፈ ስሙና ገቢው እዚያው ቀረ። ባሕር ያበለጸጋት የምትሉት ከተማ ባሕሩ ከከዳት በኋላ የበላችው በወረቀቱ ነው።

ከተማዋ የሸራ ፋብሪካም ነበራት። ፍራንሲስ ዌብስተር የተባለው ኩባንያ ለመርከብ ሸራ ይሠራ ነበር፤ «ከቲ ሳርክ» የተባለችው ዝነኛ መርከብ ሸራም ከዚያ የወጣ ነው። ሸራው የሚሠራው ከተልባ ተክል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ከእኛው ተልባ። ግንዱ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቅርፊቱ እስኪላላ ይቆያል፣ ይደርቃል፣ ይቀጠቀጣል፣ በብረት ማበጠሪያ ይበጠራል፤ ረጅም ቃጫ ይወጣዋል። እኛ ፍሬውን ብቻ እንፈልጋለን፤ ዝርያውም ቅርንጫፍ የሚያበዛ አጭር ስለሆነ ለቃጫ አይመችም። ለቃጫ የሚዘራው ረጅም ነው፤ ቅርንጫፍ እንዳያወጣም ተጠጋግቶ ይዘራል። ለእግር ኳስ አፍቃሪ አንባቢም አንድ ነገር እንጨምር፤ የአርብሮዝ ቡድን በሴፕቴምበር 12 ቀን 1885 ቦን አኮርድ የተባለውን ቡድን 36 ለ 0 ረትቷል። ሜዳዋ ጌይፊልድ ከባሕሩ ጥግ ነው፤ ማዕበል በሚነሣበት ቀን ውኃው አጥሩን አልፎ ይረጫል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከሚደርሰው የመንዝ ደጋ የሚወጣው ባና፣ ዝተትና በርኖስ ለዘመናት የሸዋን ሰው ከውርጭ ያሞቀ ነው። አገራችን የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋጨፌን ቡና ስም በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ማስመዝገቧ ይታወቃል። የመንዝ ሱፍስ? ዛሬ ገበያ ላይ ባና ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ከፋብሪካ ሰው ሠራሽ ክር ጋር የተቀላቀለ ነው። ገዢው መለየት ከፈለገ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ይለኩስ። የበግ ጠጉር ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲታሽ ይደቃል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ የጠጠረ ጥቁር ጉብታ ይተዋል። ሁለቱም ምልክት ከታየ ቅልቅል ነው።

ልዩነቱ የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የበግ ጠጉር እያንዳንዱ ጭረት እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ልብስ አለው። የተሸመነው ባና በሞቀ ውኃ ርሶ በእግር ሲረገጥ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ድሩና ማጉ ይዋዋጣሉ፣ ቀዳዳው ይደፈናል። በርኖስ ዝናብን ተቋቁሞ የሚያድረው በዚህ ነው። ሰው ሠራሽ ክር ቅርፊት የለውም፤ ቢረገጥ ቢረገጥ አይያያዝም፤ ነፋስ ያሳልፋል። ቅልቅሉ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሲታጠብ ሱፉ ይሰበሰባል፣ ሌላው ክር ባለበት ይቆያል፣ ልብሱም ይጨማደዳል።

ስለዚህ የምንጠይቀው እንደ አርብሮዝ ሰዎች እንዲጻፍልን ነው። ጠጉሩ ከየትኛው በግ ነው፤ ከመንዝ በግ ብቻ ወይስ ከዲቃላውም? ዲቃላው ለስለስ ያለ ጠጉር ስላለው ለፈትል ሊመች ይችላል፤ ግን ያው ባና ነው ሊባል ይገባዋል? መቼ ይሸለታል? በክረምት የተሸለተ ጠጉር እርጥብ ሆኖ ከተከማቸ ይሻግታል፣ ሲነደፍም ይቆረጣል። በደጋን ስንት ጊዜ ይነደፋል? ክሩ ምን ያህል ይከርራል? ላላ ያለ ክር ሲረገጥ በደንብ ይያያዛል፤ በጣም የከረረ ግን ጠንክሮ ይቀራል። በአንድ ስንዝር ስፋት ውስጥ ስንት ድር ይገባል? ከመረገጡ በፊትና በኋላ ወርዱና ቁመቱ ስንት ክንድ ነው? የመጨረሻው ቁጥር ዋና ነው፤ ልብሱ ሲረገጥ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ካልታወቀ ጥራቱን መለካት አይቻልም። ጥቁሩ በተፈጥሮው ጥቁር ነው ወይስ ተነክሮ? የተነከረ ከሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲታሽ ቀለም ይለቃል።

ደንብ አውጥቶ ማስከበር ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳን ሣር «ቄሮ» በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እየዘጋና በተራ እየከፈተ ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆየ ሕዝብ ነው። ጓሳ ሲጠበቅ ወሰኑ፣ ጊዜውና ቅጣቱ ይታወቅ ነበር። ለባናም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ወሰን፣ አሠራር፣ ያፈረሰውን የሚጠይቅ ሰው። ወሰኑን ለማስመር ግን ሸማኔውን ብቻ መጠየቅ እንዳይሆን። ኦክሚዚ ውስጥ ሙያው በሴቶቹ እጅ እንደነበረው ሁሉ፣ የባና ጥራትም በአብዛኛው የሚወሰነው በፈታይዋ እጅ ነው። እሷን ያላካተተ ደንብ ግማሽ ነው።

ጋዜጣችሁ በሚቀጥሉት እትሞች አንድ ገጽ ለዚህ ቢሰጥ፣ ዘጋቢያችሁም ወደ መንዝ ወረዳዎች፣ ወደ ጌራ፣ ማማና ላሎ ቢወጣ ጥሩ ነው። ሲወጣ የሜትር ገመድ፣ ሚዛንና ክብሪት ይያዝ። ከመጠየቁ በፊት ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ያረጀ ባና አስወጥቶ ይለካ፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለው አሮጌ ባና የሚነግረውን አዲሱ አይነግረውም። ከዚያ ፈታዮቹን፣ ከእነሱ በኋላ ሸማኔዎቹን፣ በመጨረሻ ነጋዴዎቹን ያነጋግር።

ከአክብሮት ጋር
የሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችሁ